የዶሮ ቋንጣው ጉዳይ፦ ለውሻ ቤት ውስጥ መጋገር ለምን ቁም ነገር ሆነ

ለውሻ መክሰስ መጋገር ቅብጠት የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። "ለሰውም አልበቃ!" ይላሉ። አልፈርድባቸውም። ግን አብዛኞቹ የዶሮ ቋንጣውን ጉዳይ አልሰሙም። ጉዳዩ ከ2007 ጀምሮ ለዓመታት አሜሪካ ውስጥ ውሻ ያለውን ሰው ሁሉ ያስጨነቀ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከአንድ ሺህ በላይ ውሾች ሞቱ ተብሎ ሪፖርት ተደርጎበታል። መንስኤው ግን በእርግጠኝነት አልተገኘም። እኔም ለውሻዬ የምሰጠውን መክሰስ ራሴ መሥራት የመረጥኩት ይህን ታሪክ ካወቅኩ በኋላ ነው።

ምን ተፈጠረ

ቋንጣው ከዶሮ ደረት በስሱ ተቆርጦ የደረቀ፣ በላስቲክ ታሽጎ በየሱፐርማርኬቱ የሚሸጥ የውሻ መክሰስ ነበር። አብዛኛው ከቻይና ይመጣል። ውሾች ነፍሳቸው ነው፤ ዋጋውም አይከብድም። ጀርባው ላይ የሚነበበው ዝርዝርም ደስ ይላል። አንዳንዱ ላይ ያለው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የዶሮ ሥጋና ግሊሰሪን። ግሊሰሪኑ ቋንጣው ድርቅ ብሎ እንዳይሰበር ለስለስ አድርጎ የሚይዘው ነገር ነው።

በ2007 ባለቤቶች የታመሙ ውሾች ይዘው ወደ እንስሳት ሐኪም መመላለስ ጀመሩ። ትናንት ሲሮጥ የነበረ ውሻ ዛሬ ምግብ እምቢ ይላል። ይደክመዋል፤ ያስመልሰዋል፤ ተቅማጥ ይይዘዋል። አንዳንዱ ደግሞ ውኃ አልበቃው ይላል፤ ሽንቱም ይበዛል። "ምን አበላችሁት?" ሲባል አንድ መልስ ይደጋገም ጀመር፤ የዶሮ ቋንጣ። አንዳንዶቹ የታመሙት ከበሉ ከሰዓታት በኋላ ነበር።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ በተለምዶ ኤፍዲኤ የሚባለው፣ በመስከረም 2007 የመጀመሪያውን ማስጠንቀቂያ አወጣ። በታኅሣሥ 2008 ደገመ። በኅዳር 2011 እንደገና አስጠነቀቀ፤ አቤቱታው ቀነስ ብሎ ቆይቶ መልሶ ጨምሮ ነበርና። አውስትራሊያም ተመሳሳይ ነገር ገጥሟት ነበር። እዚያ ከ2007 እስከ 2009 የደረቀ የዶሮ መክሰስ የበሉ 108 ውሾች ኩላሊታቸው ተጎድቶ ተመዝግበዋል።

ሐኪሞቹን ያስደነገጠው ይሄ የኩላሊቱ ነገር ነው። ፋንኮኒ የሚባል በሽታ አለ። ጤነኛ ኩላሊት ደም ያጣራል፤ ካጣራው ውስጥም ስኳሩንና ሌላውን ጠቃሚ ነገር መልሶ ወደ ደም ይወስዳል። በፋንኮኒ ይህ መልሶ የመውሰድ ሥራ ይበላሻል። ስኳሩ ከሽንት ጋር ይፈሳል። የስኳር በሽታ ያለበት ውሻም ሽንቱ ውስጥ ስኳር ይገኛል፤ የእሱ ግን ደሙ ውስጥም ስኳሩ ከፍ ያለ ነው። የፋንኮኒው ውሻ ደሙ ሲመረመር ስኳሩ ልከኛ ሆኖ ይገኛል። ሐኪሙ ሁለቱን የሚለየው በዚህ ነው።

ይህ በሽታ በውሾች ላይ ብርቅ ነው። በዘር ይዞት የሚታወቀው ባሰንጂ የሚባለው፣ ከኮንጎ አካባቢ የመጣው የማይጮኸው የአፍሪካ ውሻ ነው። አሁን ግን ከባሰንጂ ጋር ምንም ዝምድና የሌላቸው ውሾች ላይ መታየት ጀመረ። በዘር ካልመጣ ከውጭ ገብቷል ማለት ነው። ከውጭ የገባውን ሲፈልጉ ደግሞ ተመልሰው የሚደርሱት እዚያው ከረጢት ላይ ነበር።

ፍለጋው

በዚያው ዓመት ሌላ መዓት ነበር። በመጋቢት 2007 ሜኑ ፉድስ የተባለው አምራች ከ60 ሚሊዮን በላይ የውሻና የድመት ምግብ ጣሳና ከረጢት ከገበያ ሰበሰበ። ከቻይና የመጣ የስንዴ ግሉተን (የስንዴው ፕሮቲን) ውስጥ ሜላሚን የሚባል፣ ለፕላስቲክ መሥሪያ የሚውል ኬሚካል ተገኝቶ ነው። የሜላሚኑ ጉዳይ ግን መንስኤው በሳምንታት ውስጥ ታወቀ። ናሙና ተመረመረ፤ ተያዘ፤ ተዘጋ። ሰው የቋንጣውም እንደዚያ ቶሎ ይፈታል ብሎ ጠበቀ። አልተፈታም።

ያልተመረመረ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ፣ ከባድ ብረቶች፣ የሰብል ፀረ ተባይ፣ የሻጋታ መርዝ፣ የአይጥ መርዝ፣ ሜላሚን፣ አንቲባዮቲክ፣ ሁሉም ታየ። እስከ ጥቅምት 2013 ከ1,200 በላይ ምርመራ ተደርጓል። መርማሪዎች በ2012 ቻይና ድረስ ሄደው ፋብሪካዎችን አዩ። አንዱ ድርጅት የግሊሰሪን መረከቢያ ሰነዶቹን አጭበርብሮ ተገኘ። የቻይና መንግሥትም ምርቱን ያዘበት፤ ወደ ውጭ መላኩንም አገደው። ውሾቹን የገደላቸው ግሊሰሪኑ ነው የሚል ማስረጃ ግን አልተገኘም። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ከረጢቱ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ይነበባል። ከሁለቱ አንዱ ከየት እንደመጣ የሚናገረው ወረቀት ውሸት ሊሆን ይችላል። አጭር ዝርዝር ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

በጥር 2013 የኒው ዮርክ ግዛት የግብርና መሥሪያ ቤት ቋንጣዎቹ ውስጥ የአንቲባዮቲክ ቅሪት አገኘ። አንዳንዶቹ አሜሪካ ውስጥ ለዶሮ ያልተፈቀዱ ነበሩ። አምራቾቹ፣ ኔስሌ ፑሪና "ዋጊን ትሬይን"ን፣ ዴል ሞንቴ ደግሞ "ማይሎስ ኪችን" የሚባለውን የቋንጣ ምርት ከገበያ አነሱ። አቤቱታው ወዲያው ቀነሰ። ሰው ሁሉ "አገኘነው!" አለ። ኤፍዲኤ ግን ጠጋ ብሎ ሲያየው ቅሪቱ ውሻ ለመግደል የሚበቃ አይመስልም ነበር። አቤቱታው የቀነሰው ምርቱ ከመደርደሪያ በመነሳቱ ሊሆን ይችላል። ያልተበላ ነገር አያሳምምም።

በ2014 ኔስሌ ፑሪና የውሻ ባለቤቶች የመሠረቱበትን ክስ በ6.5 ሚሊዮን ዶላር ለመጨረስ ተስማማ። በዚያው ዓመት ፔትኮና ፔትስማርት የተባሉት ትልልቅ የቤት እንስሳት ሱቆች ቻይና የተሠራ የውሻና የድመት መክሰስ መሸጥ እንደሚያቆሙ አሳወቁ። ኤፍዲኤ እስከ 2015 መጨረሻ ድረስ የሰበሰበው ሪፖርት ወደ 5,200 ደረሰ። በውስጡ ከ6,200 በላይ ውሾች፣ 26 ድመቶችና 3 ሰዎች ነበሩ። ሞቱ የተባሉት ውሾች ከ1,140 በላይ ናቸው። ከሦስቱ ሰዎች ሁለቱ ሕፃናት ናቸው፤ የውሻውን ቋንጣ አንስተው በልተው ነው።

ቁጥሩ ሲነገር አንድ ነገር አብሮ መነገር አለበት። ሪፖርት ማስረጃ አይደለም። ኤፍዲኤ ከሞቱት ውሾች 26ቱን አስከፍቶ አስመርምሯል። ግማሾቹን፣ 13ቱን፣ የገደላቸው ከቋንጣው ጋር የማይገናኝ ሌላ በሽታ ሆኖ ተገኘ። በቀሩት 13 ግን ቋንጣው የለበትም ማለት አልተቻለም፤ 11ዱ የኩላሊት ጉዳት ነበረባቸው። ለእኔ ይሄ ግማሽ በግማሽ ነገር በጣም ሐቀኛ መልስ ነው። "ሁሉም በቋንጣው ሞቱ" ማለት ውሸት ነው። "ምንም አልተረጋገጠም" ብሎ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለትም ያው ውሸት ነው።

እንግዲህ የውሻ ባለቤት ምን ያድርግ? ላቦራቶሪ የለንም። ፋብሪካ ሄደን ሰነድ አንገለብጥም። መንግሥት እንኳ ያን ሁሉ ዓመት ፈልጎ ያላገኘውን እኛ ከከረጢት ጀርባ አናነብም። በእጃችን ያለው አንድ ነገር ነው፤ ዶሮው ከየት እንደተገዛ፣ ምን እንደገባበትና በስንት ሙቀት እንደበሰለ ማወቅ። ቤት ውስጥ መሥራት ለእኔ ትርጉሙ ይኸው ነው። ፍቅር መግለጫም ይሆናል፤ ግን ፍቅር ብቻውን ሳልሞኔላ አይገድልም።

ቋንጣው ወደ ቤት ሲመጣ

እኛ ሐበሾች ቋንጣ እናውቃለን ብለን እንዝናናለን። ሥጋውን እንዘለዝላለን፤ ጨውና በርበሬ እናሸዋለን፤ ገመድ ላይ እንሰቅላለን። የደጋው ደረቅ አየር ሥራውን ይሠራል። ይህን ለውሻ ዶሮ እንዳለ ብንገለብጠው ሁለት ጊዜ እንሳሳታለን።

አንደኛው ሙቀቱ ነው። ጥሬ ዶሮ ሳልሞኔላ ሊኖረው ይችላል። ሥጋ ሲደርቅ ውኃው ይተናል፤ የሚተነው ውኃ ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ ኦቨኑ ቢሞቅም ሥጋው ቶሎ አይሞቅም። ባክቴሪያው በዚህ መሀል ከሥጋው ጋር አብሮ ይደርቃል። የደረቀ ባክቴሪያ ደግሞ ሙቀት ይችላል፤ ኋላ ሙቀቱን ብንጨምርም አይሞትልንም። ስለዚህ የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር የሚመክረው መጀመሪያ ማብሰል፣ ከዚያ ማድረቅ ነው። የዶሮው ውስጡ 74 ዲግሪ ሴልሺየስ (165 ፋራናይት) መድረስ አለበት። ማድረቂያ ማሽን ካለ ከዚያ በኋላ ከ54 እስከ 60 ዲግሪ ላይ ይደርቃል።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። የዶሮ ደረቱን ቆዳና ስቡን አነሳለታለሁ። ጠንከር እስኪል ፍሪዘር ውስጥ አቆየዋለሁ፤ ያኔ ቢላው አይንሸራተትም፣ ስስ ሆኖ ይቆረጣል። ከዚያ በእንፋሎት አበስለዋለሁ። ወፍራሙን ቁራጭ መርጬ ቴርሞሜትሩን ከጎኑ እስከ መሀሉ አስገባለሁ። ቁጥሩ 74 ሳያሳይ እሳቱ አይጠፋም። ነጭ ሆኗል፣ ደርሷል ብሎ በዓይን መፍረድ የለም። ከዚያ ሽቦ መደርደሪያ ላይ ሳይነካኩ ደርድሬ፣ ኦቨኑን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጌ፣ በሩን በጣም በትንሹ ገርበብ አድርጌ አደርቀዋለሁ። እንፋሎቱ መውጫ ካላገኘ ቋንጣው ይቀቀላል እንጂ አይደርቅም። ሰዓታት ይፈጃል። ሲደርስ ታጥፉታላችሁ፤ ጭረቶቹ እየተሰነጠቁ ይታጠፋል፣ ከስንጥቁ ምንም እርጥበት አይወጣም። ግሊሰሪን የለበትምና እንደ ሱቁ ለስላሳ አይሆንም። ውሻዬ በዚህ ቅሬታ አቅርባ አታውቅም።

የሱቁን ያህልም አይቆይም። ቤት የተሠራውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ወር ማብላት አይቻልም። ለጥቂት ቀን የሚበቃውን ፍሪጅ፣ የቀረውን ፍሪዘር ነው።

ሁለተኛው ስህተት ቅመሙ ነው፤ እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። ማብሰል መርዙን አያጠፋውም፤ ተፈጭቶ ሲደርቅ ደግሞ ይብስበታል። በርበሬያችን ውስጥ ነጭ ሽንኩርት አለ። ሽሮው ውስጥ አለ። ዶሮ ወጥማ ሽንኩርት ነው ማለት ይቻላል። በጥናት እንደታየው ለአንድ ኪሎ የውሻ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ጥሬ ሽንኩርት ደሙን ለመጉዳት ይበቃል። አምስት ኪሎ ለሚመዝን ትንሽ ውሻ ይሄ አንድ መካከለኛ ራስ ሽንኩርት ቢሆን ነው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲበላም ይጠራቀማል። ክፋቱ ምልክቱ የሚታየው ከቀናት በኋላ መሆኑ ነው፤ ድዱ ይነጣል፣ ይደክመዋል፣ ሽንቱ ይጠቁራል። ያኔ የሰኞውን ወጥ ማን ያስታውሰዋል?

አገር ቤት ያሉ የግቢ ውሾች የሰው ትርፍራፊ እየበሉ ማደጋቸው ይነገረኛል። እውነት ነው። ምን ያህሎቹ በዚህ ምክንያት እንደተጎዱ ግን የቆጠረ የለም፤ ውሻ አፍ አውጥቶ አይናገር። እንጀራ ፍርፋሪ ብትሰጡት ግድ የለም። ወጡን ግን እለምናችኋለሁ፣ ተዉት። ለውሻ የሚሠራ ቋንጣ ላይ ምንም አይጨመርም። ጨውም አይጨመርም።

ብስኩቱና መጠኑ

ቋንጣ የሚያስፈራው ሰው በብስኩት ይጀምር። ሁለት ኩባያ አጃ ይፈጫል። አንድ ኩባያ ተቀቅሎ ውኃው በደንብ የተንጠፈጠፈ ዱባና አንድ እንቁላል ይገባበታል። እጅ ላይ ከተጣበቀ አጃ ጨመር ማድረግ ነው። ግማሽ ሴንቲሜትር ውፍረት እስኪኖረው ይዳመጣል፤ ይቆረጣል፤ በ175 ዲግሪ (350 ፋራናይት) ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይጋገራል። ከዚያ ኦቨኑን አጥፍታችሁ እዚያው ተዉት፤ በቀረው ሙቀት ይደርቃል፣ ይጠነክራል። ስኳር አያስፈልገውም። እርሾም አያስፈልገውም፤ እንዲያውም በእርሾ የተቦካ ጥሬ ሊጥ ውሻ ጋ እንዳይደርስ። ሆዱ ውስጥ ይነፋል፣ አልኮልም ያመነጫል።

የለውዝ ቅቤ የሚጨምሩ አሉ። ውሻ ይወደዋል። ግን ማሰሮውን አዙሩና አንብቡ። ዛይሊቶል የሚባል የስኳር ምትክ አለ፤ ለሰው ምንም አይደለም። ውሻ ሲበላው ቆሽቱ ኢንሱሊን በብዛት ይለቃል፤ በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ሊወድቅ ይችላል። ይንገዳገዳል፣ ያንቀጠቅጠዋል። መጠኑ ከጨመረ ጉበቱም ይጎዳል። አንዳንድ የለውዝ ቅቤ ውስጥ ይገባል፤ ማስቲካ ውስጥማ የተለመደ ነው። አንዳንዴ "የበርች ስኳር" ተብሎ ይጻፋል። ዘቢብና ቸኮሌትም ለሰው ብስኩት ያማሩ፣ ለውሻ መርዝ ናቸው።

መጠኑን የሚያሰላ ሰው ጥቂት ነው። የእንስሳት ሐኪሞች መክሰስ ከቀኑ ጉልበት ሰጪ ምግብ አሥር በመቶ እንዳያልፍ ይመክራሉ። አሥር ኪሎ የሚመዝን፣ የተኮላሸ ጤነኛ ውሻ በቀን ወደ 630 ካሎሪ ገደማ ይበቃዋል። ለመክሰስ የሚቀረው ስልሳ አካባቢ ነው። መቶ ግራም ጥሬ የዶሮ ደረት 120 ካሎሪ ገደማ አለው። ሦስት አራተኛው ውኃ ስለሆነ ሲደርቅ ወደ ሠላሳ ግራም ይወርዳል፤ ካሎሪው ግን አይቀንስም። ስለዚህ የዚህ ውሻ የቀን ድርሻ አሥራ አምስት ግራም ቋንጣ ነው። እፍኝ አይሞላም። ለሥልጠና ከፈለጋችሁት በመቀስ ትንንሽ አድርጋችሁ ቁረጡት። ውሻ የሚቆጥረው ስንት ጊዜ እንደተሰጠው ነው፤ ትልቅ ትንሽ አይልም።

ይህን የማነሳው ከቋንጣው ጉዳይ ጋር ስለሚገናኝ ነው። ኤፍዲኤ በየማስጠንቀቂያው የሚደጋግመው ነገር ነበር። መክሰስ የተመጣጠነ ምግብ ለማግኘት የግድ አያስፈልግም፤ ከተሰጠም አልፎ አልፎ፣ በጥቂቱ። ዶሮ ይቅር ብለው ወደ ዳክዬና ወደ ደረቀ ስኳር ድንች የዞሩ ሰዎችም ነበሩ። ሪፖርቱ እነዚያም ላይ መጣ። መክሰሱን መቀየር ብቻ አላዳነም። በጥቂቱ መስጠት ግን፣ መርዙ ምንም ይሁን ምን፣ ውሻው የሚወስደውን መጠን ይቀንሳል።

ውሻችሁ ማንኛውንም መክሰስ ከበላ በኋላ ካስመለሰው፣ ከደከመው ወይም ውኃ መጠጣትና መሽናት ካበዛ መክሰሱን ወዲያው አቁሙ። ከረጢቱን አትጣሉት። የቀረውን ከነከረጢቱ አስቀምጡ፤ የምርት ቁጥሩ የሚገኘው እዚያ ላይ ነው። ሐኪሙ ጋ ስትሄዱ መክሰሱን ሳትጠየቁ ንገሩት። የሽንትና የደም ስኳር ምርመራ አንድ ላይ እንዲደረግለትም ጠይቁ። ቤት የሠራችሁት ከሆነ ደግሞ ከየአንዱ ዙር ሁለት ሦስት ቁራጭ ለይታችሁ፣ የተሠራበትን ቀንና ዶሮው የተገዛበትን ሱቅ ላስቲኩ ላይ ጽፋችሁ ፍሪዘር ውስጥ አኑሩ።